ቅቤ የማያውቀው ድስት

ከሥራ ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው። ሐኪሟ የጉልበቴን ፎቶ ኮምፒዩተሯ ላይ እያሳየችኝ "በቀን ስንት ሰዓት ትቆማለህ?" ስትለኝ "ቁጭ የምልበትን ብትጠይቂኝ ይቀላል" አልኳት። ተቀምጬ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝማ። እኔ የካሪ ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል። ሽንኩርት ቆሞ ይከተፋል፣ ድስት ቆሞ ይማሰላል፣ ሰውም ቆሞ ይስተናገዳል።

ሥራ ባቆምኩ በሳምንቱ፣ ሜልበርን ዳር ሆፐርስ ክሮሲንግ ያለው ቤቴ ቁጭ ብዬ መንገዱን ሳይ፣ ልጄ ሩት ልትጠይቀኝ መጣች። ሩት ነርስ ናት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስንት ዓመት ተቆጥቼ ያልቀየርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

"ዳድ፣ ለምን አትጽፈውም?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ኤቭሪቲንግ። ቤቱን፣ አንክል ሴልቫን፣ እማማን።"

"ሽንኩርት መክተፍ ይጻፋል እንዴ?"

"ስለ ሽንኩርት ዕድሜዬን ሙሉ ስትቆጣኝ ኖረሃል" አለች፣ ይህንንም በእንግሊዝኛ። "ይጻፋል እንጂ።"

የተማሩ ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን ሲጽፉ አያለሁ። እኔ ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማሩኝ ሬዲዮ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የቅመም ከረጢት ላይ ያለ ጽሑፍና ሁለት አረጋውያን ናቸው። ለሁለቱ አረጋውያን ስል እጽፋለሁ። ልጆቻችንም አንድ ቀን አማርኛ ማንበብ ካማራቸው፣ አባቶቻቸው እዚህ አገር ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ይወቁ።

ምግብ ቤቱ ያለው ፊትዝሮይ የሚባል ሰፈር ነው። ከኮሚሽን ፎቆቹ፣ ከመንግሥት ኪራይ ቤቶቹ፣ ወርደህ የትራሙን መንገድ ስትሻገር፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በብስክሌት ጠጋኝ መካከል ታገኘዋለህ። ስሙን አልጽፈውም። እኛም በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ ባለቤቱ ህንድ ባይሆኑም "ህንዱ ጋ" ነው የምንለው። አንክል ሴልቫ ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ታሚል ነበሩ። "ህንድ አይደሉም" ብዬ ለአገሬ ሰዎች ሳስረዳ ስንት ዓመት ቆየሁ። የሰማኝ የለም።

ቤቱ ጌጥ የሚባል አያውቅም። የጠረጴዛ ልብስ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥህ አስተናጋጅ የለም። ግድግዳው ላይ የክሪኬት ጨዋታ ያለ ድምፅ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ምግቡ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጡ የብረት ትሪዎች ተደርድሯል፤ ምስር፣ ድንች፣ ደበርጃን፣ ዶሮ፣ የፍየል ሥጋ። በጣትህ ታሳያለህ፣ ሩዙ ላይ ሁለት ዓይነት ይጨለፍልሃል፣ ውሃውን ከጆግ ራስህ ትቀዳለህ፣ ስትጨርስ ሳህንህን ራስህ ትመልሳለህ። ዋጋው ተማሪንም ታክሲ ነጂንም አስፈርቶ አያውቅም። ዛሬ ሰው አምፖሉንና ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ በሚበላበት ሰፈር፣ ይህ ቤት ምንም ሳይለወጥ መቆየቱ ያኮራኛል።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት እንደ ማንኛውም ሰው ርቦኝ ነው። ሜልበርን በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዶሮ ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ሠርቼ ስመለስ ከሽታው የተነሣ ዝናቡ ጨርሶ የሚያጥበኝ አልመሰለኝም። በመስታወቱ ውስጥ እንፋሎት ያለው ምስር አየሁና ገባሁ። በእጄ ስበላ አንድ አጭር ሽማግሌ ከጓዳ ወጥተው አዩኝ። በቀኝ እጄ፣ ሳላንጠባጥብ መብላቴን ነው ያዩት። ምንም ሳይጠይቁ ሩዝ ጨመሩልኝ። በሳምንቱ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ሳህን ማጠብ ትችላለህ?" አሉኝ። ከዶሮ ፋብሪካ የወጣሁት እንደዚያ ነው። ደመወዙ ያንስ ነበር፤ ግን በቀን ብርሃን ይሠራል፣ ደግሞም ምሳ አለው።

አንድ ዓመት ያህል ሳህን አጠብኩ። ከዚያ ሩዝ ተሰጠኝ። ሩዝ ቀላል ይመስላል። አንክል ሴልቫ ግን ሩዙ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማረፍ እንዳለበት፣ ከዚያም በማንኪያ ሳይሆን በሳህን ጠርዝ ከዳር ወደ መሀል እየተገለበጠ መለያየት እንዳለበት አሳዩኝ። በማንኪያ የነካሁት ቀን ማንኪያውን ከእጄ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

ከሩዝ በኋላ ሽንኩርት መጣ። እዚህ ላይ ተጣላን። እኔ የማውቀው ሽንኩርት ያለ ዘይት መጀመሪያ ብቻውን እንደሚቁላላ ነው። እሳቸው ደግሞ ዘይቱ መጀመሪያ ይግላል፣ ሰናፍጩ ይገባል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ የሰናፍጩ መፈንዳት ቀስ እስኪል በጆሮ ይጠበቃል፣ ከዚያ የካሪ ቅጠሉ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ። "በዓይንህ አትጠብቅ፣ በጆሮህ ጠብቅ" ይሉኝ ነበር። ቅመሙን ግን አስተማሪ አላስፈለገኝም። እርድ፣ አብሽ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ሄል፤ ከረጢቱን እየፈታሁ ሳሸት ሁሉም የማውቃቸው ሆነው ተገኙ። ስማቸውን በእንግሊዝኛና በታሚል ለመማር ያን ያህል አልተቸገርኩም። አሽትቶ የሚያውቅን ሰው ቋንቋ አያሸንፈውም ብዬ በልቤ ተኩራራሁ። ይህ ኩራት በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከአንክል ሴልቫ ልማዶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የወንበሩን እመርጣለሁ። የምሳው ግርግር ጋብ ሲል ሽርጣቸውን አውልቀው ወረፋ ይይዛሉ። አዎ፣ በገዛ ቤታቸው። ከትሪው ያስቀዱና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ጀርባቸውን ለጓዳው ሰጥተው ይበላሉ። በየቀኑ ሌላ ወንበር ላይ። አንድ ቀን በሩ አጠገብ፣ አንድ ቀን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ። በልተው ሲነሡ የሚንቀጠቀጠው ጠረጴዛ ይጠገናል፣ ንፋስ የሚያስገባው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ጨው የበዛበት ትሪ ይነሣል። እኔንም እንዲሁ እንዳደርግ አዘዙኝ። "ከጓዳ ቆመህ የቀመስከው ምግብ የአንተ ነው። ተቀምጠህ የበላኸው ብቻ ነው የሰው" አሉኝ። እኔ የቤተሰብ አባት ነኝ፤ ልጆቼን ስመክር ኖሬያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምክር ግን ሰጥቼ አላውቅም።

ወደ መደርደሪያው፣ ማለትም ሰው ወደሚስተናገድበት ስወጣ ያገሬ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ተካ ነው። ተካ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ የማይቀልድበት ነገር የለም። ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣና ያዘዙትን ሁሉ አንድ ሳህን ላይ ገልብጠው ከበው በሉ። አንክል ሴልቫ ደንግጠው ሦስት ባዶ ሳህን ይዘው ወጡ። "ሳህን ያለክፍያ ነው በላቸው" አሉኝ በጆሮዬ። ለአራት አንድ ሳህን የወሰዱት ከድህነት መስሏቸው ነው። ነገሩን ሳስረዳቸው ረጅም ጊዜ አዩአቸውና፣ ለኛ ሰው ብለው ትልቅ ክብ ትሪ ገዙ።

ከዚያ እትዬ አሰለፈች መጡ። እትዬ አሰለፈች በኮሚሽን ፎቁ የኛው ወለል ላይ ነበር የሚኖሩት። እኔና ባለቤቴ ሺፍታችን ሲጋጭ ሩትን ከትምህርት ቤት የሚያመጡልን፣ መክሰስ አብልተው የቤት ሥራዋን የሚያሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሩት "እማማ" የምትለው እሳቸውን ነው። ልጄን ያሳደጉልኝ ሴት ናቸው ብል አላጋነንኩም። እሳቸው ጾም የማይሽሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔና ቤተሰቤ ደግሞ ጴንጤ ነን። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም እችለው ነበር።

እዚህ አገር ዐቢይ ጾም የሚገባው በጋው ሊወጣ ሲል ነው፤ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ሰው ምን እንደሚበላ ይጨንቀዋል። ያን ዓመት "ታደሰ ያለበት ቤት የጾም ምስር አለ" የሚል ወሬ ፎቁን ከላይ እስከ ታች አዳረሰው። ታደሰ እኔ ነኝ፤ ወሬውም እውነት ነበር። ምስራችን በዘይት ነው የሚሠራው። እትዬ አሰለፈች ግን በሰው ወሬ አይበሉም። ወረፋቸው ሲደርስ ከነጠላቸው ሥር ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"ቅቤ የለበትም?"

"የለበትም፣ እትዬ።"

"ማርያምን በል።"

"እኔ እንደማልምል ያውቃሉ። አዎ ካልኩ አዎ ነው። ቃሌ ይበቃል።"

"እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ" ይሉና ፈገግ ብለው ሳህኑን ይቀበሉኛል። "እሺ፣ በቃልህ እበላለሁ።"

አንድ ዓርብ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ አንክል ሴልቫ ከጓዳ ወጡ። የዶሮው ትሪ እንዳለ ነው፣ የምስሩ ባዶ ሆኗል።

"ሰዎችህ ምን ሆነው ነው ሥጋ የማይነኩት?"

"እየጾሙ ነው፣ አንክል።"

"እስከ መቼ?"

"ሁለት ወር ገደማ።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም በራሳቸው ሃይማኖት የሚጾሙ ሰው ነበሩ። "ታዲያ ምንድን ነው የሚፈቀድላቸው?"

ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ከኋላ ያለው ሰው ሰዓቱን ያያል። "ቬጀቴሪያን ናቸው፣ ልክ እንደ እናንተ" አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ስሕተት ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተናግሬ ለመጨረስ የወሰደችብኝ ጊዜ አንድ ጭልፋ ሩዝ ለማውጣት አይበቃም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ምስሩ ተለወጠ። ያብለጨልጫል፣ ሽታው ከበር ይቀበላል። "ዘንድሮ ምስሩን ምን ነካው?" ይሉኛል ደንበኞቹ፤ እኔም የኔ እጅ ያለበት ያህል ፈገግ እላለሁ። ተካማ "ታዴ፣ ጾሙ ባያልቅ ደስ ይለኛል፤ ለፋሲካ ዶሮ ትቼ እዚሁ እመጣለሁ" አለ። እኔ ለምን አልቀመስኩም ብትሉኝ መልሱ አጭርና የሚያሳፍር ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በየቀኑ እበላ ነበር፤ ታዝዣለሁና። ግን እኔ አልጾምም። የምበላው የዶሮውን ነበር።

የጾሙ እኩሌታ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ እትዬ አሰለፈች ያለ ሰዓታቸው መጡ። በእጃቸው ትናንት ለቤት ይዘውት የሄዱት የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ወረፋ አልያዙም። ቀጥ ብለው መጥተው ዕቃውን መስታወቱ ላይ አስቀመጡና ክዳኑን ከፈቱ። ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ምስር ላይ፣ ዳር እስከ ዳር፣ ቢጫ ነገር ረግቶበታል።

"ይህ ምንድን ነው?"

የኛ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ አይረጋም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቅመም የሌለበት፣ ግን የነጠረ ቅቤ ነው። ያን ሁሉ ቅመም በአፍንጫዬ እለያለሁ ብዬ የምኮራው ሰው፣ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ሳላውቀው ቆየሁ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ያገሬ ሰው ሁሉ እጁ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

አንክል ሴልቫን ጠራኋቸው። እየሣቁ ወጡ። ዕቃውን ሲያዩ ጭራሽ ደስ አላቸው። "አዎ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ከቤቴ ያመጣሁት ነው። ለሚጾም ሰው ተራ ዘይት አይሰጥም።" ለእሳቸው ቬጀቴሪያን ሥጋ አይበላም እንጂ ቅቤ ይበላል፤ በሃይማኖታቸውም የነጠረ ቅቤ ከምግብ ሁሉ ንጹሑ ነው፤ ለአምላካቸው የሚያቀርቡት እሱን ነው። ሁለት ወር ለሚጾም ሰው ያላቸውን ምርጥ ነገር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከኪሳቸው ሰጡ።

ተካ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረገና "በቃ፣ ጴንጤው ተበቀለን" አለ። አንድ ሁለት ሰው ሣቀ፤ ሣቁ ግን ወዲያው ሞተ።

እትዬ አሰለፈች አልጮሁም። ቢጮሁብኝ እወድ ነበር።

"ሽማግሌውን ንገራቸው" አሉኝ። "በሳቸው ቅር አላለኝም። ያላቸውን ጥሩ ነገር ነው የሰጡን። እኔም የንስሐ አባት አለኝ፤ የኔ ነገር ቀላል ነው።" ከዚያ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። "አንተ ግን ዓይኔን እያየህ ቃሌ ይበቃል አልከኝ። ይኸው ቃልህ።"

ዕቃውን እዚያው ትተውልኝ ወጡ።

አንክል ሴልቫ የሆነው ሲገባቸው ፊታቸው ዓመድ መሰለ። ወደ ጓዳ ገብተው እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና፣ ለቀሩት ሰዎች መዳፎቻቸውን ገጥመው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ "ኧረ አይገባም" አላቸው። ለኔ የተነሣ የለም፤ ትክክልም ነበር።

በዚያው ምሽት ከባለቤቴ ጋር የእትዬ አሰለፈችን በር አንኳኳን። አስገቡን፣ ውሃ ሰጡን። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይቅርታውን ዛሬውኑ ውሰድ" አሉኝ። "ማመኑ ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ አታስቸኩለኝ።"

ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለች "ሩትንስ ሰኞ…" ስትል አቋረጧት። "ሩት ምን አደረገች? ሰኞም እኔ ነኝ የማመጣት።" እንዳሉትም አደረጉ። አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉም። ልጄን እየያዙ በደጄ ያልፋሉ፤ ከእጄ ግን አይበሉም። ከዚህ የከበደ ቅጣት አላውቅም፤ ምክንያቱም ቂም አልነበረበትም። ቂም ቢሆን እኔም ተናድጄ እገላገለው ነበር።

አንክል ሴልቫ አላባረሩኝም። በማግሥቱ ቤቱ ሳይከፈት ጠሩኝ። "ምን ይበላሉ ብዬ ነበር የጠየቅኩህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ምን አይበሉም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ። "ያንተ ጥፋት ደግሞ አለመቅመስህ ነው።" ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አንድ ሳህን ምስር ፊቴ አደረጉ። "ከእንግዲህ ጾማቸው እስኪያልቅ፣ እነሱ ከመብላታቸው በፊት አንተ ትበላለህ። ተቀምጠህ።" ያን ጾም አብሬያቸው ጾምኩ ማለት ይቻላል። ለነፍሴ አልነበረም፤ ለሥራዬ ነበር። ሆኖም ሳስበው ሁለቱ ያን ያህል የተራራቁ አልመሰሉኝም።

"ቬጀቴሪያን" የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ አላመንኳትም። ደንበኛ ሲነግረኝ "እሺ፣ የማይበሉትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ" እላለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይነካ አለ። እንቁላል የሚበላ፣ ወተት የማይጠጣ አለ። ኦቾሎኒ ሕመም የሚያመጣበት ተማሪ አለ። ወረፋው ይረዝማል፣ ይነጫነጩብኛል፤ ይነጫነጩ። የምግብ ንጽሕና ኮርስ ወስጄ ወረቀቱን አግኝቻለሁ፤ ይህንን ግን ወረቀቱ አላስተማረኝም።

የዚያ ዓመት ጾም አለቀ፤ ያገሬ ሰው አልተመለሰም። የሚቀጥለው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ቤቱን ገና ሳንከፍት፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አሰለፈች ናቸው። በክንዳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሲፈቱት ሰማያዊ የእናሜል ድስት ነው፤ አንድ ጎኑ ትንሽ ተፍቋል።

"ይህ የጾም ድስቴ ነው" አሉኝ። "ከተገዛ ጀምሮ ቅቤ አያውቅም። የናንተ ድስቶች ምን እንደነካቸው ማን ያውቃል። የጾሙን በዚህ ሥራ። ፎቁ ላይ ያሉት ልጆች ሥራ ውለው ሲመጡ የሚበሉት ያጣሉ፤ አሳዘኑኝ።"

አንክል ሴልቫ ድስቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው። ለብቻው መደርደሪያ ሠሩለት፤ ለብቻው ጭልፋ ገዙለት። እኔ የመጀመሪያውን ምስር ሠራሁ፣ ተቀምጬ በላሁ፣ ከዚያ አንድ ሳህን ሞልቼ እትዬ አሰለፈች ፊት አስቀመጥኩ።

"ለኔ ሻይ ይበቃኛል" አሉ።

"ድስቱ እኮ የርስዎ ነው።"

"ድስቱን አምነዋለሁ። አንተን ገና ነኝ።"

ያን ጾም ሙሉ እየመጡ ሻይ ብቻ ጠጡ። ሰዎቹ ግን እሳቸውን አይተው ተመለሱ። እሳቸው ተቀምጠው ያሉበት ቤት ቅቤ ያለበትን ነገር የጾም ነው ብሎ አይሸጥም ብለው ነው። እኔን ሳያምኑ ለኔ ዋስ ሆኑልኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁሉም አያጋጥመውም፤ ስላጋጠመኝ አመሰግናለሁ።

በሦስተኛው ዓመት መብላት ጀመሩ። ግን በጥያቄ ነበር። ወረፋቸው ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ቅቤ የለበትም?" ይላሉ። እኔም "የለበትም፤ ቀምሼዋለሁ" እላለሁ። ቃሌ ይበቃል ማለቱን ትቻለሁ። ማርያምን በል ማለቱንም እሳቸው ትተዋል። ተካ ከወንበሩ ሆኖ ሁለታችንንም ቀድሞ በእሳቸው ድምፅ "ቅቤ የለበትም?" ይላል፤ "አንተ ባለጌ" ይሉታል። ይህ ጥያቄ ዓመት በመጣ ቁጥር ተደገመ። ረቡዕና ዓርብም ተደገመ። ሩት ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ እኛ ቤት ገዝተን ሆፐርስ ክሮሲንግ ስንሄድ፣ እሳቸው ልጃቸው ዘንድ፣ ከከተማው ዳር ሜልተን ሲገቡ፣ ጥያቄው አልተለወጠም። በትራምና በባቡር እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር።

አንክል ሴልቫ ሲያረጁ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭልፋውን ለኔ ሰጥተው ወንበሩ ላይ ብቻ ቀሩ። በመጨረሻዎቹ ወራት ልጃቸው በመኪና ያመጣቸውና፣ ጀርባቸውን ለጓዳው ሰጥተው በልተው፣ ጣታቸውን ከፍ ያደርጉልኛል። አንድ ቀን ጣታቸውን ከፍ ሳያደርጉ አዩኝ። ሄጄ ቀመስኩት፤ ጨው አብዝቼበታለሁ። ትሪውን አነሣሁት። ካረፉ በኋላም ልጃቸው ጓዳውን ለኔ ተወልኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ደመወዜ አንድ ሳምንት አልዘገየም።

የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቀ፤ ዓርብ ቀን። ጓዳውን የተረከበችኝ ሱኒታ የምትባል የኔፓል ልጅ ናት፤ ጠንካራና ጠያቂ። ሰማያዊውን ድስት አውርጄ ሰጠኋት።

"ይሄኛው ቅቤ አያውቅም" አልኳት። "እንዲያውቅም አታድርጊ። ሰው ጥሩ ነገር ልጨምርበት ቢልሽም እንኳ።"

"ማነው የሚለኝ?"

"በጣም ጥሩ ሰው" አልኳት።

ምሳ ላይ ቤቱ ሞላ። ተካ መጣ፤ ታክሲውን ሸጦ፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ። ሩት እትዬ አሰለፈችን ከሜልተን በመኪናዋ አመጣቻቸው፤ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። "እኔ ላምጣልዎት፣ እማማ" ብትላቸው እምቢ ብለው ወረፋ ያዙ። ሰው ሊያስቀድማቸው ቢልም አልቀደሙም። እኔ ጭልፋውን ይዤ እጠብቃለሁ። መልሱ አፌ ላይ ነው፤ ለስንት ዓመት የለመድኩት መልስ፣ እንደ ስሜ የማውቀው።

ደረሱ። ምርኩዛቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ።

"ምስር" አሉኝ። "ሩዙን አታብዛው።"

ጨለፍኩላቸው። ሳህኑን ተቀበሉኝና ዞሩ።

ተካ ከወንበሩ ብድግ አለ። "እትዬ፣ ዛሬ ረሱት እንዴ?"

"ምኑን?"

"ጥያቄውን ነዋ።"

"አርፈህ ብላ" አሉት። ሩት ወንበር ሳበችላቸው፣ ተቀመጡ፣ አማተቡ፣ መብላት ጀመሩ።

እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላቸው ያለው ተማሪ ሁለት ጊዜ "ኤክስኪውዝ ሚ" ብሎኛል አሉ፤ እኔ አልሰማሁትም። ሱኒታ መጥታ ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችልኝ።

ሽርጤን አወለቅኩና ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ የዶሮው ትሪ ከፊቴ ነበር፣ ሙሉ ነው፣ ይተናል። ለሱኒታ በጣቴ ምስሩን አሳየኋት። ሳህኔን ይዤ ሄድኩና ከእትዬ አሰለፈች ፊት ለፊት፣ ጀርባዬን ለጓዳው ሰጥቼ፣ ተቀመጥኩ።